«አይድንም» ከተባለ በኋላ

ቡችላ ሳለ ቡቺ አልነው። ሲያድግ ደህና ስም እናወጣለታለን ብለን ነበር። ሳናወጣለት 13 ዓመት ሞላው። የጀርመን ሸፐርድና የሐበሻ ውሻ ድቅል ነበር፤ አንድ ጆሮው ይቆማል፣ አንዱ ይተኛል። ያደገው ቀበና፣ እናቴ ጊቢ ውስጥ ነው። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ቆርቆሮ እስከ ዛሬ አለ። ቁራሌው በመንገዱ ሲያልፍ ከሁላችንም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ዘበኛችን እናቴን «እትዬ፣ ይሄ ውሻ ውኃ አበዛ» አሏት። «ሙቀቱ ይሆናላ» አለቻቸው። በመስከረም የቀበና ሌሊት ምን ሙቀት አለ? እሳቸው ግን አልተዉትም። ጠዋት የሞሉትን ሳፋ ከሰዓት ባዶውን እንደሚያገኙት፣ ሌሊት ደግሞ ቡቺ ተነስቶ ከቧንቧው ሥር የሚንጠባጠበውን ሲልስ እንደሚሰሙት ለኔም ነገሩኝ። እኔም አንድ ሳምንት አሳለፍኩ። ከዚያ ሐኪም ጠራሁ። ደም ተቀዳ። ክሬያቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ 3.4። ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ «ኩላሊቱ ነው፤ አይድንም» አለን። እናቴ ወዲያው «እንግዲያው አታሰቃዩት፤ መርፌውን ይውጉትና ይረፍ» አለች።

ቡቺ ከዚያች ቀን በኋላ 14 ወር ኖረ። አብዛኛው ደግሞ ጥሩ ጊዜ ነበር።

ይህን የምጽፈው በዚያች «አይድንም» በምትል ቃል ምክንያት ነው። ቃሏ ሁለት ነገር ትሸከማለች። አንዱ፣ ከበሽታው ነጻ አይወጣም ማለት ነው። ሌላው፣ ይሞታል ማለት ነው። ስለ ሰው ስናወራ ሁለቱን መለየት ለምደናል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበትን ዘመዳችንን «አይድንም» አንልም። «መድኃኒቱን እየወሰደ አለ፣ ደህና ነው» እንላለን። ውሻ ላይ ስንደርስ ግን መካከሉ ይጠፋል። ወይ ይድናል፣ ወይ ይወገዳል። የቆየ የኩላሊት ሕመም ደግሞ የሚኖረው በዚያ በጠፋው መካከል ነው። ከተማችን ውስጥ ያረጁ ውሾች እየበዙ ነው። ክትባት እየተለመደ ነው፤ ውሻን ቤት ውስጥ የሚያሳድገው ሰውም በዝቷል። ይህን መካከል አውቀን መያዝ ያለብን ጊዜ ላይ ደርሰናል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ኩላሊት ቆሻሻውን ከደም አጣርቶ፣ ውኃውን መልሶ ለሰውነት ያስቀራል። ሲደክም ውኃውን ማስቀረት ያቅተዋል። ሽንቱ ቀጭንና ብዙ ይሆናል። ውሻው የሚጠጣው የወጣበትን ለመተካት ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያየዋል፤ ብዙ ስለሚጠጣ ብዙ ይሸናል ብሎ ያስባል። ከዚያ ማታ ማታ ውኃውን ያነሳበታል። በሽተኛ ውሻ ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ ይህን ያህል ጎጂ ጥቂት ነው። ሽንቱ አይቆምም። የሚደርቀው ውሻው ነው።

ሌላው ክፉ ነገር፣ ኩላሊት ሲጎዳ ድምፅ አያሰማም። ሽንትን የማወፈር አቅሙ የሚጠፋው ከሥራው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሲሄድ ነው። ክሬያቲኒን በደም ምርመራ ከፍ ብሎ የሚታየው ደግሞ ሦስት አራተኛው ገደማ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥማቱ ከደም ምርመራው ሊቀድም ይችላል። ያ ሳፋ ትልቅ መሣሪያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞልታችሁ ሳፋው ላይ ገልብጡ። በነጋታው በዚያው ሰዓት የተረፈውን ለኩ። ጤነኛ ውሻ በቀን የሚጠጣው በኪሎው ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ እርጥብ ምግብ ሲበላ ከዚያም ያነሰ ነው። በኪሎው ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ነገር አለ። ለምሳሌ 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከ2.5 ሊትር በላይ ከጠጣ ሐኪም ይየው። ኩላሊት ብቻ ላይሆን ይችላል። ስኳርም እንዲሁ ያስጠማል። ያልመከነች ሴት ውሻ ፍላጎቷ መጥቶ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ውኃ ካበዛች፣ ምግብም ከተወች፣ ማህፀኗ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። እሱ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ቀን መታየት አለባት።

እዚህ ከተማ ግን ሳፋውን ማን ያያል? ጊቢ ውስጥ ያለ ውሻ የሚሸናው ከጽዱ ሥር ነው፤ መብዛቱን ማንም አያውቅም። ውኃውን የሚሞሉት ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ሐኪም የሚጠራው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ ወር ያልፋል። ሲደርስም «አርጅቶ ነው» ተብሎ ይዘጋል። መክሳቱም እርጅና ነው፣ የአፉ ሽታም እርጅና ነው፣ ጠዋት ቢጫ አረፋ ማስመለሱም እርጅና ነው። ጥርሱ ደህና ሆኖ ትንፋሹ ሽንት ሽንት የሚል ውሻ ግን እያረጀ ብቻ አይደለም። ደሙ ውስጥ መውጣት ያቃተው ቆሻሻ አለ።

የሕክምናው ነገርም አለ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከ40 ዓመት በላይ ሐኪም ሲያወጣ ኖሯል። የሀገሪቱ የቀንድ ከብት ግን ወደ 70 ሚሊዮን ይጠጋል። ትምህርቱ፣ ክትባቱ፣ መድኃኒቱ ወደ ላሙና ወደ በጉ ቢያደላ ትክክል ነው፤ የገበሬው ሕይወት እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ያረጀ ውሻ ኩላሊት የሚከታተል ሐኪም ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። የኛ ሐኪም ጎበዝ ነበር። ሞተር ሳይክሉን አቁሞ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ሊሾው ላይ ተንበርክኮ ነው የሚሠራው። እሱን የጎደለው ዕቃ ነው። የደሙን ናሙና የሰው ላቦራቶሪ ነው የወሰድነው። ግፊቱን ለመለካት ለውሻ እግር የሚሆን መጠቅለያ አላገኘንም። ኩላሊቱ የታመመ ውሻ ግፊቱ ሊጨምር፣ ዓይኑም ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ስትመርጡ «ግፊት ትለካለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የእንስሳት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አይሪስ የሚባል መመዘኛ ሕመሙን በ4 ደረጃ ይከፍለዋል። በውሻ ክሬያቲኒን ከ1.4 እስከ 2.8 ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ከ2.9 እስከ 5 ሦስተኛ፣ ከ5 በላይ አራተኛ። አንደኛው ደረጃ ላይ ቁጥሩ ገና አይናገርም። ይህ የሚሠራው ግን ውሻው ውኃ ጠጥቶ፣ ተረጋግቶ ባለበት ጊዜ ነው። የደረቀ ውሻ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ቡቺ መጀመሪያ 3.4 የነበረው፣ ፈሳሽ ተሰጥቶት ከአሥር ቀን በኋላ 2.9 ሆነ። በመጀመሪያው ወረቀት ፈርደን ቢሆን ኖሮ 14 ወሩ አይኖርም ነበር። ውሻችሁ ላይ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለተኛ ምርመራ ጠይቁ።

አሁን ወደ ምግቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለዚህ ሕመም ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ምግብ ስለሆነ ነው። ዋናው ጠላት ፎስፈረስ ነው። የደከመ ኩላሊት ፎስፈረስን ማስወጣት ያቅተዋል፤ የተጠራቀመው ደግሞ ኩላሊቱን የበለጠ ይጎዳዋል። ፎስፈረስ በብዛት ያለው የት ነው? አጥንት ውስጥ። የኛ ውሻ የሚወደደውና የሚሸለመው በምንድን ነው? በሉካንዳ አጥንት። በ13 ዓመት ውስጥ ቡቺን ስንወደው የሰጠነው ሁሉ አሁን ተቀምጦ የሚከለከል ሆነ። እናቴን ለማሳመን ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነበር። «የሚሞት ውሻ አጥንት ይከልከል?» አለችኝ። መልሴ ገና አይሞትም የሚል ነበር።

ከዚያ ወጡ አለ። በኛ ቤት ውሻ የሚበላው የሰው ትርፍ ነው፤ የሰው ትርፍ ደግሞ ወጥ ነው። የወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። መብሰላቸው አያድነውም። ጤነኛ ውሻ ትንሽ ትንሹን ይችለው ይሆናል። ኩላሊቱ የታመመ ውሻ ግን ደም ማነስ አስቀድሞ ያሰጋዋል፤ ደም እንዲመረት የሚያዘው ንጥረ ነገር የሚወጣው ከኩላሊት ነውና። በላዩ ላይ ጨውና በርበሬ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሽሮ የሚበላ ውሻ፣ በፋሲካ ማግስት የዶሮ ወጥ ድስት ይጠርግና አጥንቱን ይቆረጥማል። ቡቺ ከታመመ ወዲህ እጅግ የከፋው የትንሣኤ ማግስት ሰኞ ነው። ሁለት ቀን አስመለሰ። ማን እንደሰጠው አልጠየቅንም። የሰጠው ሰው ወዶት ነው የሰጠው።

ለኩላሊት ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ከውጭ ይመጣል። ውድ ነው፤ አንዳንዴም ይጠፋል። እኛ ከሐኪሙ ጋር የተስማማነው ሩዝ፣ ከአጥንት የተለየ ትንሽ የተቀቀለ ሥጋና የእንቁላል ነጩ ነው። የእንቁላል ነጭ ጥሩ ፕሮቲን አለው፤ ፎስፈረሱ ግን ትንሽ ነው። አስኳሉ ግን እንዲያ አይደለም፤ እሱን እናቴ ለራሷ ቁርስ ታደርገው ነበር። ፕሮቲኑን በሙሉ ማቆምም ስህተት ነው፤ ጡንቻው ያልቃል። የቤት ምግብ ብቻውን ዓመት ሙሉ አይበቃምና የሚጨመረውን ሐኪሙ ይወስን። ምግቡን ለብ አድርጎ በትንሽ በትንሹ መስጠት የማቅለሽለሽ ቀናትን ያቀላል። ለማቅለሽለሹም መድኃኒት አለ። አልበላም ያለ ውሻ ላይ አፉን ይዞ መጋት ግን ምግቡን ጭራሽ ያስጠላዋል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ። ያረጀ ውሻ ሲያነክስ ዲክሎፌናክ አትስጡት። አድቪልም (አይቡፕሮፌን) አትስጡት። ፓራሲታሞልንም ከሐኪም ውጭ አትንኩ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፤ ጨጓራውንም ያቆስላሉ። ለሰው ቀላል የሆነው መጠን ለውሻ ቀላል አይደለም። ቡቺ ከመታመሙ በፊት በነበረው ክረምት ዳሌውን ብርድ ይዞት ነበር። እናቴ ለጉልበቷ የታዘዘላትን ክኒን በእንጀራ ጠቅልላ ለአራት ቀን ሰጥታዋለች። ኩላሊቱን ያ ይሁን ያረጀው ዕድሜ ያበላሸው ማንም ሊነግረን አይችልም። ይህን ለእሷ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ።

ግሉኮስም ላንሳ። እኛ ጠርሙስ ላይ የተሰቀለውን ሁሉ ግሉኮስ እንለዋለን። ለእንዲህ ያለ ውሻ የሚሰጠው ግን በአብዛኛው ሪንገር ላክቴት ነው፤ ስኳር የለውም። መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ «ግሉኮስ» ካላችሁ ሌላ ነገር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ወረቀቱን አሳዩ። በደም ሥር ሳይሆን ከቆዳው ሥር ይገባል፤ ቤትም ሊሠራ ይችላል። እኛ ከረጢቱን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረን፣ የመጋረጃው ዘንግ ላይ እንሰቅላለን። ዘበኛችን ቡቺን አቅፈው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል ያለውን ቆዳ እንደ ድንኳን አንስቼ መርፌውን አስገባለሁ። መጀመሪያ ቀን እጄ ተንቀጥቅጦ በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ወጣ። በሦስተኛው ቀን ለመድኩ። ሲያልቅ ጀርባው ላይ እንደ በሬ ሻኛ ያብጣል። እብጠቱ ቀስ እያለ ወደ አንድ ክንዱ ይወርዳል፤ እስከ ማታ ጠፍቶ ያድራል። ልቡ የታመመ ውሻን ግን ፈሳሽ ሊያፍነው ስለሚችል መጠኑ በሐኪም ይወሰን።

አሁን ሰው በግልጽም በሆዱም የሚጠይቀውን ልመልስ። በዚህ ከተማ ለኩላሊት እጥበት ገንዘብ የሚለመነው በመኪና ላይ በድምፅ ማጉያ ነው። የታማሚው ፎቶ ባነር ላይ ተለጥፎ፣ ቤተሰቡ ሙዳየ ምጽዋት ይዞ መገናኛ ላይ ይቆማል። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ስንት ቤት ተስፋ እንደሰጠ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ መካከል ለውሻ ኩላሊት ማሰብ ነውር አይደለም ወይ? እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ያገኘሁት መልስ ይሄ ነው። ቡቺን 14 ወር ያኖረው በአብዛኛው ገንዘብ አይደለም። ያልተቋረጠ ውኃ፣ የተከለከለ አጥንት፣ የተጣለ ዲክሎፌናክ፣ ከወጥ የተለየ ሩዝ ነው ያኖረው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእሱ የተለየች አንዲት ጀሪካን ነበረችው፤ ዘበኛችን ማንም እንዲነካት አይፈቅዱም ነበር። ለሰው የሚያስፈልገውን አልወሰደም። የወሰደው ትኩረታችንን ነው። 13 ዓመት ሌሊት ሌሊት የጠበቀን ውሻ ይህ ይበዛበታል ብዬ አላምንም።

ሌላ አደጋ ከበር ውጭ አለ። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለ የኩላሊት በሽተኛ ምራቁ ሊዝረከረክ፣ ሊንገዳገድ፣ መንገድ ሊስት ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ የሚሄድ ውሻ «አብዷል» ይባላል፤ ድንጋይ ይወርድበታል። ሰውን አልወቅስም። የእብድ ውሻ በሽታ እዚህ ሀገር እውነተኛ ገዳይ ነው። ለዚህ ነው ያረጀው ውሻም የዓመት ክትባቱን ማቋረጥ የሌለበት። አንገቱ ላይ ማሰሪያ ይኑረው፣ የክትባት ካርዱም ቅርብ ይቀመጥ። ያልተከተበ ውሻ ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ ደግሞ «ኩላሊቱ ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጊቢው ራሱም እየሄደ ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ባለቤታቸው የሄደባቸው ውሾች ፍርስራሹ ላይ ተኝተው አይቻለሁ። በሩ በነበረበት ቦታ ላይ ነው የሚተኙት። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ወጣቱን ውሻ ለዘመድ ይሰጣል። ያረጀውንና የታመመውን ማንም አይቀበልም። ወስዶት ከሄደም፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚሸና ውሻ ሊፍት በሌለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ይደረጋል? ሰው በዚህ ጊዜ ነው ውኃውን የሚቀንሰው። በረንዳ ላይ ፕላስቲክ አንጥፎ፣ አሮጌ ጆንያና የእንጨት ፍቅፋቂ ማድረግ ይቻላል። ውሻ ቦታውን በቀናት ውስጥ ይለምዳል። ጎረቤትን አስቀድሞ ማናገርም ይጠቅማል። «ታሟል፣ ተከትቧል፣ በየቀኑ አጸዳለሁ» ብሎ በር ላይ ሄዶ የነገራቸውን ሰው ጎረቤቶች ሲያስቸግሩት አላየሁም።

መቼ ይበቃል የሚለውን እኛ የወሰንነው በባንክ ካላንደር ነው። ኩሽና ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ቡቺ የሚወዳቸውን ሦስት ነገሮች መረጥን፦ እናቴን በር ላይ መቀበል፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ መጋደም፣ ቁራሌው ላይ መጮህ። ሁለቱን ያደረገበት ቀን ላይ እናቴ በእስክሪብቶ ክብ ታደርጋለች። ያላደረገበት ቀን ባዶ ይቀራል። በስሜት ብቻ ቢሆን አንድ መጥፎ ቀን ያስደነግጠን፣ አንድ ጥሩ ቀን ደግሞ ያታልለን ነበር። ወረቀቱ ግን አይዋሽም። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ባዶዎቹ በዙ። በኅዳር አንድ ቀን ቁራሌው በራችን ላይ ቆሞ ሲጮህ የቆመችው ጆሮው አልተንቀሳቀሰችም። እናቴ ከኩሽና ወጥታ አየችውና «አሁን ሐኪሙን ይጥሩት» አለች።

ስለ መርፌው ሰው የሚፈራው ሌላ ነገር ስለሚያስታውስ ነው። ለባዘኑ ውሾች በሥጋ የሚጣለውን መርዝ፣ ጠዋት መንገድ ላይ የሚታየውን መንፈራገጥ ያየ የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ ነው። ሐኪም የሚሠራው እንደዚያ አይደለም። አስቀድሞ ማስተኛ ይሰጠዋል፤ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ከመጠን ያለፈ ማደንዘዣ በደም ሥሩ ይገባል። በደቂቃዎች ውስጥ ልቡ ይቆማል። ይህ መሆኑን ቀድማችሁ ከሐኪሙ አረጋግጡ። ሳያስተኛ የሚወጋ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ቡቺ ዘበኛችን እቅፍ ውስጥ ነበር፤ እንደ ፈሳሹ ቀናት፣ በዚያችው በርጩማ ላይ። ከጽዱ ሥር ቀበርነው።

ከካዛንቺስ ተነስታ ኮንዶሚኒየም የገባች አብሮ አደጌ 11 ዓመት የሞላው ውሻ አላት። ባለፈው ሳምንት ቤቷ ስሄድ «ቦታ ለውጥ ነው መሰለኝ፣ ማታ ማታ ቤቱን በሽንት አጥለቀለቀው፤ ውኃ ልከልክለው እንዴ?» አለችኝ። አትከልክዪው አልኳት። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩላት። ትላንት ማታ ደወለች። 20 ኪሎ የማይሞላ ውሻ ነው፤ በአንድ ቀን አንድ ሃይላንድ ተኩል ጠጥቷል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ይመጣል።